ሃይማኖታቸውን ይዘው ውቅያኖስ የተሻገሩት፦ ስለ ፒልግሪሞችና ፒዩሪታኖች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኅዳር ላይ ታንክስጊቪንግ የሚባለው የምስጋና በዓል ሲደርስ አሜሪካ ባለን ወላጆች ቤት በየዓመቱ አንድ ዓይነት ነገር ይሆናል። ልጅ የወረቀት ባርኔጣ አድርጎ ከትምህርት ቤት ይመጣል። ባርኔጣው ጥቁር ነው፤ ፊት ለፊቱ ላይ ቢጫ ዘለበት ተለጥፎበታል። ከዚያ ስለ ፒልግሪሞቹ ጥያቄ ይጀምራል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት "ለሃይማኖታቸው ሲሉ የተሰደዱ ሰዎች ናቸው" ብዬ ተገላገልኩ። በሁለተኛው ዓመት ልጄ "ማን ነው ያባረራቸው?" አለችኝ። ዝም አልኩ። አላውቅማ!

ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ጓደኞቼም፣ አገር ቤት ያሉ ዘመዶቼም ብዙ ጠይቀውኛል። ጥያቄዎቹ ስለሚደጋገሙ እዚህ ሰብሰብ አድርጌያቸዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ወደ እኛ ለማምጣት እንደ ወሩ 7 ወይም 8 መቀነስ ነው።

ፒልግሪምና ፒዩሪታን አንድ ናቸው?

አይደሉም፤ ግን ዘመዳሞች ናቸው።

የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በ1534 ከሮም ተለይቶ ራሱን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ አደረገ። ጳጳሳቱ ግን ባሉበት ቀጠሉ። ልብሰ ተክህኖውም፣ ብዙው ሥርዓትም እንዲሁ። ይሄኔ አንዳንዶች "ተሐድሶው በግማሽ ቀረ" ማለት ጀመሩ። በጥምቀት ጊዜ ማማተብ ይቅር፣ ለቁርባን መንበርከክ ይቅር፣ የጋብቻ ቀለበት ይቅር፣ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የሌለ ሁሉ ይውጣ አሉ። ሌላው ሰው በፌዝ "ፒዩሪታን" አላቸው። "እናጥራ ባዮቹ" እንደ ማለት ነው። የስድብ ስም ነበር፤ እንደ ብዙ የስድብ ስም ተለጥፎ ቀረ።

እነዚህ "እናጥራ" ባዮች ራሳቸው ለሁለት ተከፈሉ። የሚበዙት ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ሆነው ሊያስተካክሏት ፈለጉ። ጥቂቶቹ ግን "ይቺ አትጠራም፤ መውጣት ነው" አሉ። እነዚህ ተገንጣዮች ተባሉ። በ1620 በሜይፍላወር መርከብ ሄደው ፕሊመዝን የመሠረቱት ከእነዚህ ወገን ናቸው። ዛሬ ፒልግሪም የምንላቸውም እነሱን ነው። የሚበዙት ፒዩሪታኖች የተሻገሩት ከአሥር ዓመት በኋላ ሲሆን፣ ቦስተንንና ማሳቹሴትስን የመሠረቱት እነሱ ናቸው።

ማን አባረራቸው? በእርግጥ ይሰደዱ ነበር?

የልጄ ጥያቄ ይሄ ነው። ማንም "ከአገር ውጡ" ብሎ ግልጽ ትእዛዝ አልሰጣቸውም። ግን መኖርም አላስቻሏቸውም።

በዚያ ዘመን እሁድ ቤተ ክርስቲያን አለመሄድ በሕግ ያስቀጣ ነበር። በቤት ተሰብስቦ በራስ ሥርዓት ማምለክም ወንጀል ነው። በ1593 ሦስት የተገንጣይ መሪዎች፣ ሄንሪ ባሮው፣ ጆን ግሪንዉድና ጆን ፔንሪ፣ ተሰቅለው ተገደሉ። ጄምስ 1ኛ በ1603 ሲነግሥ ፒዩሪታኖቹ ተስፋ አድርገው ነበር። በዓመቱ ሃምፕተን ኮርት በሚባለው ቤተ መንግሥት ጠርቶ አነጋገራቸው። ከዚያ ስብሰባ ያተረፉት አዲስ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ነው፤ በ1611 ታትሞ የወጣው በንጉሡ ስም የሚጠራው እንግሊዝኛ ትርጉም። በሌላው አብዛኛው ጥያቄ ንጉሡ በሩን ዘጋባቸው። "ጳጳስ ከሌለ ንጉሥም የለም" ነበር አባባሉ። ጳጳሳቱን የነካ ዙፋኔን ነካ ማለቱ ነው።

በነገራችን ላይ ያ ዘመን እኛም አገር ሃይማኖትና ዙፋን የተናነቁበት ነው። ፒልግሪሞቹ ፕሊመዝ በገቡ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1622፣ አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነታቸውን በይፋ አወጁ። በአሥር ዓመቱ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ የቀድሞው እምነት ተመልሶ ዙፋኑ ለፋሲለደስ ተላለፈ። ሁለቱ ታሪኮች አይገናኙም። ግን ንጉሥ የሕዝቡን እምነት ልወስን ሲል ምን እንደሚመጣ የጎንደርን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም።

መጀመሪያ የሸሹት ወደ ሆላንድ አይደለም እንዴ? ነፃነት ካገኙ ለምን እዚያ አልቀሩም?

ለእኔ የታሪኩ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው። የትምህርት ቤቱ ድራማ ደግሞ የሚዘለው ይሄንኑ ነው።

ስክሩቢ በምትባል የእንግሊዝ መንደር አንድ ትንሽ ማኅበር ነበር። የሚሰበሰቡት በፖስታ ቤት ኃላፊው በዊልያም ብሩስተር መኖሪያ ነው። ኋላ የፕሊመዝ ገዥ የሆነው ዊልያም ብራድፎርድ ያኔ ገና ወጣት ነበር። ያለ ፈቃድ ከአገር መውጣት ስለማይቻል በ1607 በድብቅ ሊወጡ ሞከሩ። ባለመርከቡ ገንዘባቸውን ከተቀበለ በኋላ ለመንግሥት አሳልፎ ሰጣቸው። ደላላ ስደተኛን ሲበላ ያን ጊዜም ነበር ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት ደግመው ሞከሩ። ወንዶቹ ተሳፍረው ሴቶቹና ልጆቹ ገና ባሕሩ ዳር እንዳሉ የታጠቁ ሰዎች ብቅ አሉ። ባለመርከቡ ደንግጦ መልሕቁን ነቀለ። ባሎች ከመርከቡ ላይ ሆነው ሚስቶቻቸው ሲያዙ እያዩ ሄዱ። ኋላ ቤተሰቦቹም ቀስ በቀስ ተለቀው አምስተርዳም ተገናኙ።

ከ1609 ጀምሮ ላይደን ከተማ ተቀመጡ። ማንም አልነካቸውም። የራሳቸው ቄስ፣ ጆን ሮቢንሰን፣ በራሳቸው ሥርዓት ያስተምራቸው ነበር። እንግዲህ የእምነት ነፃነት ይሄ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ግን 11 ዓመት ኖረው ተነሡ።

ምክንያቱን ብራድፎርድ ራሱ ጽፎታል። ሥራው ከባድ ነበር። ገበሬ የነበሩ ሰዎች ጨርቅ ሠሪ ሆነው ከጠዋት እስከ ማታ ይለፋሉ፤ ያለ ዕድሜያቸው አረጁ። በሆላንድና በስፔን መካከል ያለው የ12 ዓመት የተኩስ አቁም ስምምነትም በ1621 ሊያበቃ ነው፤ ጦርነት ያሰጋል። ከሁሉ በላይ ግን ልጆቻቸው ነበሩ። ልጆቹ የአገሩን ወጣት እየተከተሉ ነው። አንዳንዱ ወታደር ሆነ፣ አንዳንዱ መርከበኛ ሆኖ ጠፋ። ወላጅ ወላጁ ላይደን መሃል ቁጭ ብሎ "ልጆቻችን ሆላንዳዊ ሊሆኑብን ነው" ይላል።

ይህን ሳነብ ሳቄም መጣ፣ ሆዴም ባባ። በየእሁዱ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ የምንለው እኮ ይሄንኑ ነው። እነሱ የሚፈልጉት ዝም ብሎ የሚያስመልካቸውን አገር አልነበረም። ያንንማ አግኝተዋል። ልጆቻቸውን በራሳቸው ሕግ የሚያሳድጉበት፣ ደንቡን ራሳቸው የሚያወጡበት ቦታ ነው የፈለጉት። ይህን ከያዝን ኋላ የሚመጣው ብዙ ነገር አያስገርመንም።

ለጉዞው ገንዘቡን ማን አወጣ?

የለንደን ነጋዴዎች። ቶማስ ዌስተን የሚባል ሰው ባለገንዘቦችን አሰባስቦ ስፖንሰር ሆነላቸው፤ በነፃ ግን አይደለም። ውሉ ለ7 ዓመት ነው። ተጓዦቹ ሠርተው የሚያፈሩት ሁሉ አንድ ቋት ይገባል፤ ጊዜው ሲያልቅ ከነጋዴዎቹ ጋር ይካፈላሉ። ተጓዦቹ በሳምንት ሁለት ቀን ለራሳቸው ሊሠሩ፣ ቤታቸውም ከክፍፍሉ ውጭ እንዲሆን ተስማምተው ነበር። መጨረሻ ላይ ነጋዴዎቹ ሁለቱንም ሰረዙ። ተጓዦቹ "አንፈርምም" ሲሉ ዌስተን ጥሏቸው ሄደ። የወደብ ዕዳቸውን ለመክፈል የስንቅ ቅቤያቸውን ሸጡ።

ዕዳው እንደ ጥላ ተከተላቸው። በ1621 ፎርቹን የምትባል መርከብ 35 አዲስ ሰዎች ይዛ መጣች፤ ስንቅ ግን አልያዘችም። ሰፋሪዎቹ የቢቨር ቆዳና ጣውላ ሞልተው ላኳት፤ ከዕዳው ብዙውን የሚያቃልል ነበር። መንገድ ላይ ፈረንሳዮች ዘረፏት። በ1627 ነጋዴዎቹን በ1,800 ፓውንድ ለመገላገል ተስማሙ። ተከፍሎ ያለቀው በ1640ዎቹ መጨረሻ ነው። አሜሪካ ከገባ 20 ዓመት አልፎት ዛሬም ዕዳ የሚከፍል ሰው ካለ ብቻውን አይደለም።

የባሕሩ ጉዞ ምን ይመስል ነበር?

መጀመሪያ የተነሡት በሁለት መርከብ ነው። ስፒድዌል የተባለችው እያፈሰሰች ሁለት ጊዜ ከመንገድ መለሰቻቸው። በመጨረሻ እሷን ትተው፣ የሚቀረው ቀርቶ፣ 102 ሰዎች ሜይፍላወር ላይ ተጨናንቀው መስከረም ላይ ከእንግሊዟ ፕሊመዝ ወጡ። አስቡት፤ ያ ሁሉ ጊዜ ባክኖ ውቅያኖሱን የጀመሩት ማዕበሉ በሚከፋበት ወቅት ነው። ከ102ቱ ደግሞ የላይደን ማኅበር አባላት ከግማሽ ያንሳሉ። የቀሩት ሥራና መሬት ፍለጋ የመጡ ናቸው። ማኅበርተኞቹ "እንግዶች" ይሏቸው ነበር።

መርከቧ 30 ሜትር ገደማ ብትረዝም ነው። ሰዎቹ የተቀመጡት በሁለቱ ወለሎች መካከል፣ ረጅም ሰው ቀጥ ብሎ በማይቆምበት ቦታ ነው። ስንቁ ደረቅ ብስኩት፣ ጨው የበላ ሥጋና ቢራ ነበር። አዎ፣ ቢራ። ውሃ በርሜል ውስጥ ሰንብቶ ስለሚበላሽ ሕፃናትም ሳይቀሩ ይጠጡት ነበር።

ከግማሽ መንገድ በኋላ የመርከቧ ዋና ተሸካሚ ግንድ ተሰነጠቀ። መመለስ ሁሉ ታስቦ ነበር። ከሆላንድ ይዘውት በመጡት ትልቅ የብረት ቡሎን ቀና አድርገው አሰሩት። ጆን ሃውላንድ የሚባል ወጣት ደግሞ በማዕበል ተጠርጎ ባሕር ገባ። ከመርከቧ የተንጠለጠለ ገመድ ይዞ ተረፈ፤ ኋላም አግብቶ አሥር ልጆች ወለደ። በጉዞው ከተሳፋሪዎቹ አንድ ሰው ሞተ። አንድ ልጅም ተወለደ፤ ስሙን ኦሺያነስ አሉት።

ከ66 ቀን በኋላ ኬፕ ኮድ የሚባለው የአሜሪካ ጠረፍ ደረሱ። ቀኑን አንዱ መጽሐፍ ኅዳር 11፣ ሌላው ኅዳር 21 ይለዋል። እንግሊዝ ያኔ አሮጌውን አቆጣጠር ስለምትጠቀም የ10 ቀን ልዩነት አለ። ሁለት ካላንደር ግድግዳው ላይ ለሰቀለ ሐበሻ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም።

የሜይፍላወር ቃል ኪዳን የዴሞክራሲ መጀመሪያ ነው የሚባለው እውነት ነው?

ትንሽ ተጋኗል። ፈቃድ የነበራቸው ለቨርጂኒያ ግዛት ሰሜናዊ ጫፍ፣ ለሃድሰን ወንዝ አካባቢ ነው። የደረሱት ከዚያ ውጭ ነው። ይሄኔ ከ"እንግዶቹ" አንዳንዶች "እንግዲህ ማንም አያዘንም" ማለት ጀመሩ። ነገሩ ሳይበላሽ 41 ወንዶች አንድ ወረቀት ላይ ፈረሙ። አብረን እንተዳደራለን፣ የጋራ ሕግ እናወጣለን፣ እንታዘዛለንም ይላል። ራሳቸውን የንጉሥ ጄምስ ታማኝ ተገዥዎች ይላሉ። ሴቶች አልፈረሙም። ሆኖም ከላይ ሳይታዘዙ እርስ በርስ ተስማምተው መንግሥት ማቆማቸው ቀላል ነገር አይደለም።

ሲደርሱ አገሩ ባዶ ነበር?

ባዶ አልነበረም። ባዶ ያስመሰለው በሽታ ነው።

የሰፈሩበት ቦታ ፓቱክሴት የሚባል የዋምፓኖአግ ሕዝብ መንደር ነበር። ከ1616 እስከ 1619 ከአውሮፓውያን መርከቦች ጋር የመጣ ወረርሽኝ ያን ጠረፍ አጠፋው። ፓቱክሴት ውስጥ የተረፈ ሰው አልነበረም። ፒልግሪሞቹ የታረሰና የተመነጠረ መሬት ያገኙት ለዚህ ነው። "እግዚአብሔር አዘጋጀልን" አሉ። ገና ሲደርሱም ኬፕ ኮድ ላይ ተቀብሮ ያገኙትን በቆሎ ወስደዋል፤ መቃብርም ከፍተዋል።

የመጀመሪያው ክረምት ግማሾቹን ፈጀ። የገደላቸው ብርድ፣ የሳንባ ምችና በምግብ እጦት የሚመጣው ስከርቪ ነው። አንዳንዴ ቆመው የሚሄዱት ስድስት ወይም ሰባት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ኤድዋርድ ዊንስሎው ሚስቱን በመጋቢት ቀበረ። ሱዛና ዋይት ባሏን በየካቲት ቀብራለች፤ በእቅፏ ሕፃን አለ። በግንቦት ሁለቱ ተጋቡ። በፕሊመዝ የመጀመሪያው ሰርግ ይሄ ነው። ሐዘኑን የት አደረጉት አትበሉ፤ ለሐዘን ጊዜ አልነበረም።

መጋቢት ላይ ሳሞሴት የሚባል ሰው በቀጥታ መንደራቸው ገብቶ በእንግሊዝኛ ሰላም አላቸው። ቋንቋውን የለቀመው ከዓሣ አጥማጆች ነው። ቀጥሎ ቲስኳንተምን ይዞ መጣ። የዚህ ሰው ታሪክ ከሁሉም ይበልጥብኛል። የፓቱክሴት ልጅ ነው። በ1614 እንግሊዛዊው ቶማስ ሃንት አፍኖ ስፔን ወስዶ ለባርነት ሸጠው። ከዚያ ለንደን ደረሰ። በ1619 እንደ ምንም አገሩ ሲመለስ መንደሩ የለም፤ ዘመድ የለም። እንግሊዞቹ የሰፈሩት በወገኖቹ አጥንት ላይ ነው። እሱ ግን በቆሎ እንዴት እንደሚተከል፣ ሥሩ ዓሣ እንዴት እንደሚቀበር አስተማራቸው፤ አስተርጓሚም ሆናቸው። በ1622 ሞተ። እነሱ ውቅያኖስ ተሻግረው መንደር መሠረቱ፤ እሱ ውቅያኖስ ደጋግሞ ተሻግሮ መንደሩን አጣ።

ታንክስጊቪንግ ከዚህ ነው የመጣው?

ከፊል። በ1621 መኸር በቆሎው ጥሩ ስለያዘ ሦስት ቀን ደገሱ። የዋምፓኖአጉ መሪ ማሳሶይት 90 ያህል ሰዎቹን ይዞ መጣ፤ ሰዎቹ አምስት አጋዘን አድነው አመጡ። እንግሊዞቹ 50 ገደማ ናቸው። ካገቡት ሴቶች በሕይወት የነበሩት አራት ብቻ ስለነበሩ ለዚያ ሁሉ ሰው ማን እንዳበሰለ አስቡት። ዓመታዊ በዓል ግን አልሆነም። ብሔራዊ በዓል ሆኖ የጸናው ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1863፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ መሃል፣ ካወጀው በኋላ ነው። ዛሬ የበዓሉ ዋና ምግብ የሆነው ተርኪ ያኔ ይበላ አይበላ እርግጠኛ ማስረጃ የለም። እኛ ቤት አጠገቡ ዶሮ ወጥ ስለሚቀመጥ ተርኪው ሁሌም ተራፊ ነው።

ፒዩሪታኖቹስ በ1630 ለምን ጎረፉ?

ፕሊመዝ ትንሽ ነበረች። ጎርፉ የመጣው ኋላ ነው። ቻርልስ 1ኛ በ1629 ፓርላማውን በትኖ 11 ዓመት ብቻውን ገዛ። ዊልያም ሎድ የሚባለው ጳጳስ፣ በ1633 ሊቀ ጳጳስ የሆነው፣ ፒዩሪታን ሰባኪዎችን እየተከታተለ አባረረ። ዊልያም ፕሪን የሚባል ጸሐፊ በጻፈው ጽሑፍ ሰበብ ጆሮው ተቆረጠ። በሦስት ዓመቱ ደግሞ ከጆሮው የቀረችውን ቆረጡለት።

ጆን ዊንትሮፕ የሚባል ጠበቃ በ1630 አርቤላ በምትባል መርከብ የሚመራ ጉዞ አደራጀ። በዚያ ዓመት በ11 መርከብ 700 ገደማ ሰው አሻገረ። እስከ 1640 ድረስ 20,000 ያህል ሰው ኒው ኢንግላንድ ወደሚባለው የአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ሄደ። ከላይደኖቹ የሚለያቸው፣ ብዙዎቹ ደህና ኑሮ የነበራቸው ናቸው። ለአንድ አዋቂ መሳፈሪያው 5 ፓውንድ ገደማ ነው፤ የቀን ሠራተኛ ይህን ከየት ያመጣል? ቤትና መሬት ሸጠው፣ ሚስትና ልጅ፣ አንዳንዴም ሰፈሩንና ቄሱን ጭምር ይዘው ነው የሄዱት። የኩባንያቸውን የንግድ ፈቃድ ወረቀት ሳይቀር ይዘው ሄዱ። አስተዳደሩ ለንደን ላይ እንዲቀመጥ የሚያስገድድ ቃል ወረቀቱ ውስጥ አልነበረማ። ብልጠት ነው።

ዊንትሮፕ "በተራራ ላይ ያለች ከተማ እንሆናለን፤ የሰው ሁሉ ዓይን እኛ ላይ ነው" ያለው በዚህ ጉዞ ሰሞን ነው። ከማቴዎስ ወንጌል የተወሰደ ነው። ዛሬ ፖለቲከኞች ለጉራ ይጠቅሱታል፤ እሱ ያለው ግን በማስጠንቀቂያነት ነው። ከእግዚአብሔር ጋር ቃል ኪዳን ገብተናል፤ ካፈረስነው የዓለም መሳቂያ እንሆናለን ማለቱ ነበር። እንደ ደረሱ ልጁ ሄንሪ ሰጥሞ ሞተ። በመጀመሪያው ክረምት 200 ያህል ሰው አለቀ።

በ1640 ንጉሡ ፓርላማ ለመጥራት ተገደደ፤ ቀጥሎም ጦርነት ሆነ። አገር ቤት ተስፋ ሲታይ ፍልሰቱ ቆመ። የተመለሱም አሉ።

የእምነት ነፃነት ፈልገው መጥተው የሌላውን ለምን ከለከሉ?

በብዛት የሚመጣልኝ ጥያቄ ይሄ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በንዴት። "ግብዞች ናቸው እኮ!" ይሉኛል። እኔ ግብዝ አልላቸውም። ለሁሉም ነፃነት እንሰጣለን ብለው ቃል ገብተው አያውቁም። የመጡት ትክክለኛ ነው ያሉትን ሥርዓት ሊያቆሙ ነው። ስህተትን መፍቀድ እነሱ ዘንድ ከኃጢአት ይቆጠራል። ላይደንን ያስለቀቃቸው ነገር ትዝ ይበላችሁ። የሸሹት በግራ በቀኝ የተለያየ ሐሳብ የሚንሸራሸርበትን አገር ጭምር ነው።

ማሳቹሴትስ ውስጥ ከ1631 ጀምሮ የሚመርጠው የቤተ ክርስቲያን አባል የሆነ ወንድ ብቻ ነበር። አባል ለመሆን ደግሞ ጸጋ ልብን እንዴት እንደነካ በጉባኤ ፊት መመስከር ያስፈልጋል። አንድ የሚገርም ነገር አለ፤ ቄሶቹ የመንግሥት ሹመት አይዙም። ጋብቻም የሚፈጸመው በዳኛ ፊት እንጂ በቄስ አይደለም።

ሮጀር ዊልያምስ የሚባል ወጣት ሰባኪ መጣና ሁሉን አናጋው። መሬቱ የነባሮቹ ነው፤ ንጉሡ የእሱ ያልሆነውን ሊሰጠን አይችልም አለ። ዳኛ ሰውን በእምነቱ መቅጣት የለበትም ብሎም አስተማረ። በ1635 ከግዛቱ እንዲወጣ ተፈረደበት። በ1636 ጥር በበረዶ ውስጥ ሸሸ፤ ያስጠጉት ዋምፓኖአጎች ናቸው። ናራጋንሴት ከሚባለው ነባር ሕዝብ መሪዎች መሬት አግኝቶ ፕሮቪደንስን መሠረተ። ሮድ አይላንድ የተባለው ግዛት የጀመረው እንዲህ ነው። ክዌከር የሚባለው የክርስትና ወገንም፣ ባፕቲስቱም፣ አይሁዱም እዚያ ቦታ አገኘ። የ"እምነት ነፃነት" ታሪክ ጀግና ካስፈለገን እሱ የተሰደደው ከፒዩሪታኖቹ ነው።

አን ሃቺንሰን ደግሞ አዋላጅና የብዙ ልጆች እናት ነበረች። ቤቷ ስብከት ስለምታስተምር፣ ቄሶቹንም ስለምትተች በ1637 ለፍርድ ቀረበች። ዊንትሮፕን በመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ አፋጠጠችው። በመጨረሻ ግን እግዚአብሔር በቀጥታ ገለጠልኝ አለች፤ በዚያው ፈረዱባት። ጓደኛዋ ሜሪ ዳየር ኋላ ክዌከር ሆነች። ቦስተን ደጋግሞ አባረራት። በ1659 ገመዱ አንገቷ ላይ ከገባ በኋላ ምሕረት ተባለች። ተመልሳ መጣች። በ1660 ሰኔ 1 ቀን ሰቀሏት።

ገናን ከልክለው ነበር?

አዎ። ከ1659 እስከ 1681 ገናን ያከበረ ማሳቹሴትስ ውስጥ 5 ሺልንግ ይቀጣ ነበር። ቀኑ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም ነው ምክንያቱ። ፕሊመዝ ላይ በ1621 አዲስ መጪዎቹ "ገና ቀን ሥራ ሕሊናችን አይፈቅድም" አሉ። ብራድፎርድ እሺ ብሎ ተዋቸው። እኩለ ቀን ላይ ሲመለስ መንገድ ላይ ኳስ ይጫወታሉ። መጫወቻቸውን ነጠቀና "የእኔ ሕሊና ደግሞ ሌላው እየሠራ እናንተ እንድትጫወቱ አይፈቅድም" አላቸው። ገና ጨዋታን ቢያይ ምን ይል ነበር?

ሁልጊዜ ጥቁር ይለብሱ ነበር?

አይ። ቡናማ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ ይለብሱ ነበር። ብራድፎርድ ሲሞት ከተመዘገበው ንብረቱ ውስጥ ቀይ ሰደርያ አለ። የባርኔጣው ዘለበት የኋላ ሠዓሊዎች ፈጠራ ነው።

ከነባሮቹ ጋር የነበረው ሰላምስ?

በማሳሶይትና በፕሊመዝ መካከል የተደረገው ስምምነት እሱ በሕይወት እስካለ ጸና። ሌላ ቦታ ግን ቀድሞ ፈረሰ። በ1637 እንግሊዞችና አጋሮቻቸው ሚስቲክ የተባለውን የፒኮት ሕዝብ ምሽግ አቃጥለው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ፈጁ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በ1638 ዲዛየር የምትባል መርከብ ከካሪቢያን በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንን ቦስተን አመጣች። የ1641ዱ የማሳቹሴትስ ሕግ ባርነትን ፈቀደ። ይሄም በእነዚያው አጥባቂዎች እጅ የተጻፈ ሕግ ነው።

በ1675 የማሳሶይት ልጅ ሜታኮም ተነሣ። መሬቱ ሲያልቅ ምን ያድርግ? ጦርነቱ ኒው ኢንግላንድን አመድ አደረገ። በ1676 ገደሉት፤ ራሱን ፕሊመዝ ላይ በእንጨት ሰክተው ለዓመታት አቆሙት። ሦስት ቀን አብረው የበሉት ሰዎች ልጆች ናቸው እንግዲህ።

የፈሩላቸው ልጆችስ እንደፈለጉት ሆኑ?

ብዙ ደክመዋል። ሃርቫርድን በ1636 መሠረቱ፤ ጎንደር በተቆረቆረችበት ሰሞን መሆኑ ነው። በ1647 ባወጡት ሕግ 50 አባወራ ያለው ከተማ ሁሉ አስተማሪ እንዲቀጥር አዘዙ። ምክንያቱም ሰይጣን ሰውን የሚያታልለው መጽሐፍ ቅዱስ እንዳያነብ በማድረግ ነው ይላል ሕጉ።

ግን ልጆቹ አድገው ያን የልብ ምስክርነት አልሰጥ አሉ። ጥሩ ልጆች ናቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ፤ ያ የአባቶች እሳት ግን የለም። አባል ካልሆኑ ደግሞ የእነሱ ልጆች አይጠመቁም። አያቶቹ ተጨነቁ። በ1662 ቄሶቹ ተሰብስበው መሃል መንገድ አበጁ፤ ምስክርነት ያልሰጠው ልጁን ያስጠምቅ፣ ራሱ ግን አይቁረብ። "የግማሽ መንገድ ቃል ኪዳን" ተባለ። አጥባቂዎቹ "ተበላሸን" ብለው ተቆጡ።

ቦታዎቹን ማየት ይቻላል?

ከቦስተን ፕሊመዝ በመኪና አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። የሜይፍላወር አምሳያ የሆነች መርከብ አለች፤ በ1957 ከእንግሊዝ ራሷ ተጉዛ የመጣች ናት። ውስጧ ስትገቡ ጎንበስ በሉ። ፒልግሪሞቹም ዋምፓኖአጎችም የሚታዩበት ክፍት ሙዚየም አለ። በታንክስጊቪንግ ቀን ከሄዳችሁ ኮረብታው ላይ ነባሮቹ ከ1970 ጀምሮ በየዓመቱ የሚያደርጉትን የሐዘን ቀን ታያላችሁ። ቦስተን ላይ ደግሞ የሜሪ ዳየር ሐውልት በመንግሥቱ ምክር ቤት ሕንፃ ፊት ተቀምጧል፤ ያባረሯት ሰዎች ወራሾች ደጃፍ።

እግራቸው መጀመሪያ ረገጠው የሚባለው ድንጋይም ፕሊመዝ አለ። ያ ድንጋይ መጀመሪያ የተጠቆመው በ1741፣ ከ120 ዓመት በኋላ፣ በአንድ የ94 ዓመት ሽማግሌ ነው። ብራድፎርድ ስለ ድንጋይ አንድም ቃል አልጻፈም። ልጄን ወስጄ አሳየኋት። ከላይ ሆና ቁልቁል አየችው። ከቤታችን ሶፋ ብዙም አይበልጥ።

"ይሄ ነው?" አለች።